ጠጄና የጀማ ገደል

ጠጄ የመንዝ፣ የሞላሌ ሰው ናት። ዓይኗን የወሰደባት ትራኮማ ነው። ገና ሙሽራ ሳለች ጀመራት፤ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት ኖራ በሠላሳ ዓመቷ ብርሃን የሚባል ነገር ጨርሶ ተለያት። ባሏም ትቷት ሄደ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ «እንግዲህ ደጀ ሰላም ተቀምጠሽ የእግዜርን ስም ጥሪ» ቢላት፣ «እጄ መቼ ታወረ?» ብላ እንዝርቷን አነሳች። ከዚያ ወዲህ የበግ ጠጉር እየፈተለች፣ ለሸማኔ እየሰጠች፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ እየሸጠች ራሷን አስተዳደረች።

በሚሌኒየሙ ዓመት ባና ልትሸጥ መሐል ሜዳ ወጣች። እዚያ የምታስተምረው የእህቷ ልጅ ጽናት እጇን ይዛ፣ በከተማው አዲስ ወደተከፈተው ትንሽ የተፈጥሮ ሙዚየም ወሰደቻት።

«እኔን ሙዚየም? ምን ልሆን?»

«እኔ እያየሁ እነግርሻለሁ፣ አክስቴ።»

ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ጽናት በየመስተዋቱ ሥር የተጻፈውን አነበበችላት። ጠጄ ጥቂት ራሷን ስትነቀንቅ ቆየችና ሰለቻት። ይሄ ትልቅ ነው፣ ያ ግራጫ ነው ቢሏት ምን ይረባታል?

«ልዳብሰው» አለች።

የሙዚየሙ ኃላፊ ነቢዩ የመርሐቤቴ ተወላጅ ነው፤ የተማረውም የድንጋይና የመሬት ነገር ነው። «ይቅርታ እትዬ፣ መንካት ክልክል ነው፤ ይሰበራል» አላት። ካለ በኋላ ግን ዓይኗን አየ። ወደ ጓዳ ገባና ገና ለእይታ ያልቀረቡ ድንጋዮች የያዘ ሣጥን አምጥቶ፣ አግዳሚ ላይ አስቀምጧት አንዱን መዳፏ ላይ አኖረላት።

ጣቷ ጥምዝምዙን ተከትሎ ዞረ። «ይሄማ ቀንድ አውጣ ነው!»

«የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ነው። ከእኛው አገር፣ ከጀማ ገደል ነው የመጣ።»

«ቀልደኛ ነህ። ጀማ በረሃ ባሕር ከየት መጥቶ?»

ነቢዩ ያልተሸጠውን ባናዋን ተቀብሎ ጭኗ ላይ አጣጠፈው። «ታችኛው እጥፍ የባሕሩ ወለል ነው እንበል። ባሕሩ ሸሸ። ከስንት ዘመን በኋላ መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ፤ እየረጋ በላይ በላዩ ተነባበረ። መንዝ ገብሱን የሚዘራው ከላይኛው እጥፍ ላይ ነው። የጀማ ወንዝ ደግሞ እየቦረቦረ ወርዶ ታችኛውን ገለጠው።»

ጠጄ እጇን በእጥፎቹ መካከል ሰደደች። «የኖኅ ውኃ ነዋ?»

«እሱን ለካህናቱ ልተወው። ይሄኛው ግን ብዙ ሚሊዮን ዓመት የቆየ ነው።»

ሚሊዮኑ አልገባትም፤ ሳቀች። ቀጥሎ እንደ ቂጣ ስስ የሆነ ድንጋይ ሰጣት። የቅጠል ምልክት አለው፤ አገዳውን አገኘች፣ ከአገዳው የሚወጡትን ቀጫጭን ጅማቶች አንድ በአንድ ዳሰሰች። «ጽናት፣ ነይ እዪልኝ!» ብላ ስትዞር ድንጋዩ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

«ወይኔ፣ አጠፋሁ! አውጪኝ ልጄ፣ እንሂድ» አለች ጠጄ ከአግዳሚው እየተነሳች። ነቢዩ ተንበርክኮ ሲለቃቅም ይሰማታል። ድንገት እጁ ቆመ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

ድንጋዩ የተሰነጠቀው እንደ መጽሐፍ ገጽ ነበር፤ ከውስጡ ሌላ ቅጠል ተገልጧል። ነቢዩ ጣቷን ይዞ ቅጠሉ ላይ አሳረፈላት። «ይሄንን እስከ ዛሬ ሰው አላየውም። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የነኩት እርስዎ ነዎት።»

ጠጄ የሕፃን ጉንጭ እንደምትነካ ሆና ዳሰሰችው፤ እንባዋም መጣ።

ነቢዩ ከዚያ በኋላ በእጅ የሚዳሰስ ጠረጴዛ ይፈቀድልኝ ብሎ አለቆቹን ያዘ። «ሁሉም እየሰበረ ቢያስቸግርስ?» አሉት። ወራት ፈጀ፤ በስተመጨረሻ ፈቀዱለት። በገበያ ቀን ጠጄ ጠረጴዛው አጠገብ ትቀመጥና እንግዶችን ዓይናቸውን አስጨፍና ታስዳስሳቸዋለች። አንዳንዴ የአንዱን ስም ከሌላው ታምታታለች፤ ነቢዩ ሲያርማት ትከራከረዋለች፤ ኋላ ላይ ተሳስቀው ይተዉታል።

በዓመቱ፣ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሦስቱም ወደ ጀማ ወረዱ፤ ጠጄ በበቅሎ። ከገደሉ ሥር አወረዷት። ሁለት መዳፏን ሙቀት ባዘለው ግድግዳ ላይ ዘረጋች። «ቀንድ አውጣው አለ! እዚህም አለ፣ እዚህም!» ግድግዳውን ተደግፋ በዝግታ ወደ ጎን መሄድ ያዘች። ጽናት ጥላ ሥር ምሳ ዘርግታ ብትጣራ፣

«እናንተ ብሉ፣ እኔ ገና አልጨረስኩም» አለች።