ከግሩፕ የወጡትን አጎቴን ፍለጋ ወደ ዳባት

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ አዲስ ዓለም፣ ጎንደር

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከቤት የወጣነው ሁለት ነን፤ እኔና ጎረቤታችን ሐጂ ኑርሁሴን። ሐጂ በነጭ ጀለቢያቸው ላይ ወፍራም ካፖርት ደርበዋል፤ ሽምግልና ሲሄዱ ብቻ የሚይዟትን ከዘራም አልረሱም። እኔ አንድ ስልክ፣ አንድ ፓወር ባንክና አንድ የዞረበት ጭንቅላት ይዣለሁ። የምንሄደው ዳባት ነው። ጉዳያችን ደግሞ፣ እንዳትስቁብኝ፣ ከቤተሰብ ግሩፕ የወጡትን አጎቴን መለመን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእህቴ የሐያት ኒካህ እሑድ ይታሰራል። በእኛ ዘንድ ኒካህ ያለ ወሊ አይሆንም፤ ሙሽራዋን የሚድር የቅርብ ወንድ ዘመድ ያስፈልጋል። አባታችን ከሞተ ቆየ፣ ወንድምም የለንም። ስለዚህ ወሊዋ የአባታችን ታናሽ ወንድም አያ ሰይድ ናቸው፤ ዳባት ጨርቅ ይነግዳሉ። እኔ ፎቶኮፒ ቤት ስላለኝ በቤተሰቡ ዘንድ የቴክኖሎጂ ሊቅ ነኝ። ለሠርጉ ዝግጅት ብዬ "የኛ ቤት" የሚል ግሩፕ ከፈትኩና አያ ሰይድንም አስገባኋቸው። ያለፈው እሑድ አመሻሹ ላይ ታዲያ አንዲት ግራጫ መስመር ብቅ አለች፦ "ሰይድ ወጥቷል።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ምክንያት የለ፣ ስንብት የለ። ሰው ከቤት ሲወጣ ፊቱ ይታያል፣ በሩን እንዴት አድርጎ እንደዘጋው ይሰማል፤ ተቆጥቶ ይሁን ቸኩሎ ይታወቃል። ይህን ነገር የሠሩት ሰዎች ግን መውጣትን በሁለት ቃል ገላገሉት። ያውም አንድ የተከበረ ሽማግሌ፣ አብሮ አደጋቸው ይመስል፣ "ወጥቷል"።

ቤተሰቡ ተተራመሰ። ሰኞ ጠዋት እማ ስትደውል ያቺ የምናውቃት ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለቻት። እማ ስልኩን ዘግተውብን ነው ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያለነው ሁሉ መለመን ነው። አክስቶቼ ጻፉ፣ እኔ ጻፍኩ፣ እማ እያለቀሰች ድምፅ ቀድታ ላከች። ያንን ለቅሶ የአክስቴ ልጅ ጊዜ የለኝም ብሎ በድርብ ፍጥነት ሰማው። ከስልክ ሠሪዎቹ ሥራ ከዚህ በላይ የሚያስጠላኝ ነገር አላየሁም፤ የእናት እንባ በድርብ ፍጥነት ለማን ይጠቅማል?

ግራ ሲገባኝ ሁሉን አውቃለሁ የሚለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠየቅኩት። በጣም በጥሩ አማርኛ የአጎቴን ውሳኔ እንድናከብርና ቦታ እንድንሰጣቸው መከረኝ። ለእማ ባነብላት ዳባት ሙሉ ሜዳ አይደለም ወይ፣ ምን ቦታ ጎደላቸው አለችና ሐጂን ልትጠራ ወጣች። እኔ በአንድ ጠቅታ መልሼ ላስገባቸው ብል ሐጂ ከለከሉኝ። ያኮረፈን ሰው አንገቱን ይዞ ማስገባት ነውር ነው፣ መጀመሪያ ይለመናል አሉ። የእማ ቃል ደግሞ አንድ ነው፤ አያ ሰይድ ፈቅደው ካልመጡ የእሑዱ ነገር ይቀራል። የወንዱ ወገን አዘዞ ላይ ድንኳን ጥሏል።

ከጧቱ አንድ ሰዓት አልፎ፤ የደባርቅ መንገድ

ሚኒባሷ ሞልታ ተነሳች። ሾፌሩ ጌትነት ይባላል፤ ሽንት ቤት ካልሆነ መኪናዬን አላቆምም ብሎ ከመነሳታችን በፊት ምሎልናል። ወለቃን አለፍን። ባሕር ዛፍ የተሸከሙ አህዮች፣ ጋቢ የተከናነቡ ገበያተኞች፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረ የሸክላ ዕቃ። ዳገቱን ስንያያዘው ጭጋጉ ወረደ።

ሐጂ ከጎኔ ሆነው ነገሩን ለመረዳት ይጥራሉ። የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ግሩፕ ገብተውም ወጥተውም አያውቁም።

"ከግሩፑ ወጡ አልሽኝ" አሉ።

"አዎ።"

"ታዲያ ወጥተው የት ገቡ?"

እውነት ግን የት ነው የሚገቡት? ውጭ ናቸው ልል ፈለግኩ፤ ሐጂ ቀጥለው ውጭ የት ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ተውኩት። ሊቅነቴ በዚህች ጥያቄ አለቀች።

ኮሶዬ ላይ ስንት እንደቀረን ለማየት ካርታውን ከፈትኩ። ሰማያዊዋ ነጥብ አስፋልቱን ትታ ገደሉ ውስጥ ገብታለች። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት በእንግሊዝኛ ተመለሱ እያለች ትጨቀጭቃለች። ጌትነት በመስታወት አየኝና እሷ ይህን መንገድ በጭጋግ ነድታው ስለማታውቅ ዝም ባስብላት እንደሚሻል ነገረኝ። ዝም ላስብላት ስል ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ "በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ኮከብ ይስጡን" ይላል። ሲለምን አንቱ ማለት ይችላል ማለት ነው። አንድ ኮከብ ልሰጠው ፈልጌ ጣቴ ስቶ አምስት ሰጠሁት።

አምባ ጊዮርጊስ

ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጌትነት ራሱ መሐላውን ጥሶ ለሻይ አቆመ። አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ዳቦና ሻይ አዘዝን፤ ሐጂ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ጨመሩ። ግድግዳው ላይ "ስልክ ቻርጅ 20 ብር" የሚል ካርቶን ተለጥፏል፤ ሻዩ ከዚያ ይረክሳል። ጌትነት አጠገባችን ተቀምጦ ጉዳያችንን ሰምቶ ኖሮ ፊቱ ተለዋወጠ።

"እኔ ከስድስት ግሩፕ ወጥቻለሁ" አለ፤ "አንድ ሽማግሌ አልተላከብኝም።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሻዩን ጨልጦ መኪናውን ሊያስነሳ ሄደ፤ እኔም ሒሳቡን ከፍዬ ተከተልኩት።

ረፋዱ ላይ፤ ዳባት

መብራት የለም። ከሰኞ ጀምሮ እንደጠፋ መጀመሪያ ያገኘነው ሰው ነገረን፤ ኔትወርኩም አብሮ ሞቷል። ወፍጮ ቤቱ ፊት የእህል ስልቻ ተሰልፏል፣ አንድ ጄኔሬተር ብቻ ከሆቴሉ ጓሮ ያጓራል። የስልኬ አናት ላይ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች አንድም አልቀረ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሽው አለብኝ፤ ሰኞ ያቺ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ያለችን ለዚህ ይሆን?

አያ ሰይድ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ብትን ጨርቅ ይጠቀልላሉ። ሐጂን ከነከዘራቸው ሲያዩ ጥቅሉ ከእጃቸው ወደቀ።

"ምነው? ማን ሞተ?"

ማንም እንዳልሞተ ሐጂ ምለው ነገሯቸው። አያ ሰይድ እፎይ ብለው በርጩማ አቀረቡልን። ሐጂ ግን ወግ ያውቃሉ፤ ምሕረት ካላደረጉልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔም አብሬ ቆምኩ።

"ማንን ነው የምምረው?" አሉ አያ ሰይድ።

ሐጂ እኔን አዩ። እኔ ሐጂን አየሁ። የበደላቸውን ሰው ስም ይዘን አልመጣንም።

ከብዙ መተያየት በኋላ ተቀመጥን፤ አያ ሰይድም መናገር ጀመሩ። እሑድ አመሻሽ ላይ ሴቶቹ በግሩፑ ውስጥ ስለ ሂናና ስለ ሙሽራዋ የውስጥ ልብስ መጫወት ጀመሩ። አጎት የሆነ ሰው እዚያ መሐል ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል? ተነስቶ ይወጣል እንጂ። ከሱቃቸው አጠገብ ያለውን የስልክ ጠጋኝ ከዚህ እንዴት ነው የሚወጣ ብለው ጠየቁት፣ አወጣቸው። የሴቶቹ ወግ ሲያልቅ ይጠሩኛል ብለው ተቀመጡ።

"ግሩፑን 'የኛ ቤት' ነው ያላችሁት" አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ከቤት የተነሳ ሰው ተቀመጥ ይባላል። የማታውቂው እንግዳ እንኳ ሲነሳ ምነው ትንሽ ቢቆዩ ይባላል። ሰኞ መብራቱ እስቲጠፋ ስልኩን በእጄ ይዤ ጠበቅሁ። ከአንዳችሁ ቃል አልወጣም።"

"አያ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስንለምንዎ ነበር እኮ" አልኩ።

"የት?"

"ግሩፑ ውስጥ።"

"እኔ ግሩፑ ውስጥ ነኝ?"

ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔ አድሚን ነኝ ባይዋ፣ የቤተሰቡ ሊቅ፣ ከግሩፕ የወጣ ሰው ግሩፑ ውስጥ የተጻፈለትን እንደማያይ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሁሉም ሲጽፍ እኔም ጻፍኩ። ባዶ ወንበር ከበን ስናለቅስ ከርመናል።

ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የአክስቶቼን ይማሩን ይማሩን አነበቡ፤ የእማን ለቅሶ በራሱ ፍጥነት ሰሙት። ፊታቸው እየተፈታ ሄደ። እኔ ግን ከታች ምን እንዳለ አስታወስኩ። ማክሰኞ ዕለት ሐያት የጻፈችው አለ። ጣቴን ልኬ ላሳልፈው ስሞክር የእሳቸው አውራ ጣት ቀደመኝና መልእክቱ ላይ አረፈ።

"አባቴ ቢኖር ኖሮ የማንንም ደጅ አንጠናም ነበር።"

ይህን ድምፅ ሳያሰሙ ነው ያነበቡት። ደጋግመው። ጣታቸው እዚያው ቆይታ ኖሮ ከጽሑፉ ሥር አንዲት ቀይ ልብ ተለጠፈች።

"ይኼ ቀይ ምንድን ነው?"

"ልብ ነው፣ አያ።"

"ማን አደረገው?"

"እርስዎ።"

"ይሁን፤ ተይው።"

ሐጂ ልጅ ናት፣ ከጭንቀት ነው እያሉ ማለዘብ ጀመሩ። አያ ሰይድ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

"እናንተ ለኒካሁ ነው የለመናችሁኝ፤ ወሊ እንዳይጎድልባችሁ። አባት የጎደላት እሷ ናት። ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ለዒድ ካልሆነ ደጃችሁን ረግጫለሁ?"

መልስ ሳይጠብቁ ተነስተው ጥቅሎቹን አስገቡ፣ ሱቁን ቆለፉ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጡ። ቢያኮርፉ ምን እንደምላቸው መንገዱን ሙሉ ሳጠና መጥቼ፣ ሲሄዱ ግን ከኋላቸው መሮጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ከሰዓት በኋላ፤ መልስ

ጌትነት ከደባርቅ ሲመለስ አነሳን። አያ ሰይድን ከፊት ጋቢና አስቀመጣቸው። የገብስ ማሳው በግራና በቀኝ ይሄዳል። ፀሐይ ወጥታ ጭጋጉ የሸፈነብንን አገር ሁሉ አየነው።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ስልኬ ነፍስ ዘራ፤ ተንጫጫ። ኔትወርክ ሲመጣ ያቺ ቀይ ልብ በእኔ ስም ሄዳ ኖሯል። ወዲያው ከሐያት መጣ፦ "ይህ ልብ ምን ማለትሽ ነው?"

እንዴት ብዬ ልመልስላት? ያላደረግኩትን ልብ፣ እኔ ያልጻፍኩት ጽሑፍ ላይ፣ ከፊቴ በተቀመጡ ሰው ጣት። ስንት ሺህ ቢጫ ፊቶች ስልኩ ውስጥ ተደርድረው ለዚህ የሚሆን አንድ ፊት አጣሁ። ለአያ ሰይድ አሳየኋቸው። ሳይዞሩ፣ ዝም በይ፣ እኔው እነግራታለሁ አሉኝ። ኮሶዬ ላይ ጠዋት ሰማያዊዋ ነጥብ የገባችበትን ገደል ሐጂ ጎንበስ ብለው ቃኙት።

ሊመሽ ሲል፤ አዲስ ዓለም

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ጠበቀን። እማ ነጠላዋን እያስተካከለች ይግቡ ይግቡ ትላለች፤ አክስቶቼ መንገድ ይለቃሉ። አያ ሰይድ ግን ከውጭው በር አላለፉም። ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ ግንቡን ተጠግተው ቆሙ። ሐጂ ክንዳቸውን ቢይዟቸው ቀስ ብለው አስለቀቁ።

"ሐያትን ጥሩልኝ" አሉ። "ደጅ ልጠና ነው የመጣሁት።"

እማ በሐፍረት የምትገባበት ጠፋት። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ላይ አይቼ አላውቅም። ጉዳዩን የማያውቁት ጎረቤቶች እርስ በርስ ይተያያሉ።

ሐያት ከጓዳ ስትጠራ ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ነበር። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እሳቸውን፤ ከዚያ ያ ልብ የማን እንደሆነ የገባት መሰለኝ። ወርዳ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ከልጅነቷ ጀምሮ አያ እንጂ ሌላ ብላቸው አታውቅም።

"ይግቡ አባቴ" አለች፤ "ብርድ ነው።"