ፉጨት ቆጣሪዋ

ኢንዱማቲ ጆግሌካር የድስቷን ፉጨት መስማት ካቆመች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በፑኔ ከተማ፣ እሷ አርባ ዓመት በኖረችበት፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ምሳ የሚበስለው በጆሮ ነው። ኩከር የሚሉት የእንፋሎት ድስት ይጣዳል፣ ከዚያ ይቆጠራል፦ ሩዝ ሁለት ፉጨት፣ ክክ ሦስት፣ ተነክሮ ያደረ ሽምብራ ስድስት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የአንዷን ድስት ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፤ ማን ምን እንደጣደች፣ ማን እንግዳ እንዳለባት፣ ማን ባሏን አኩርፋ ምድጃ እንዳልለኮሰች ሳይቀር ከዚያው ይታወቃል። ኢንዱማቲ በጎረቤት ዘንድ ስም ያተረፈችው በዚህ ነበር። ልብስ እያሰጣችም ቢሆን የሦስት ቤት ፉጨት ለየብቻ ትቆጥራለች። "ሱማን፣ ስድስተኛሽ ነው፣ አጥፊው" ብላ ከበረንዳዋ ትጣራለች፤ ሱማንም ሳትጠራጠር ታጠፋለች። ባሏ ሲሞት ቤቱም ሆነ የቤቱ ጉዳይ ወደ ልጇ ወደ ሽሪራንግ ዞረ። ለእሷ የቀራት ምድጃው ነበር።

ምራቷ ኬታኪ መሐንዲስ ናት። በመጣች በሳምንቷ ስልክ ስታወራ ቁጥሩ ተምታታባትና ክኩን ሙጫ አደረገችው። ኢንዱማቲ ጎረቤቶቿ ባሉበት፣ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያስተምሩሽ እስከ ሦስት አላደረሱሽም?" አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ፤ ኬታኪም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን አማቷ የጣደችውን ድስት በእጇ ነክታ አታውቅም። ሰው በሌላው ሲስቅ የራሱንም መውጫ በር እየዘጋ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ጆሮዋ የከዳት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፣ ቀጥሎ የበሩ ደወል፣ በመጨረሻ ያ ቀጭን ፉጨት። ወፍራም የወንድ ድምፅ አሁንም ስለሚሰማት ልጇ አልጠረጠረም፤ የሴቶቹን ንግግር ደግሞ ከከንፈራቸው ትለቅማለች። ለድስቱም መላ አበጀች። ፊቱ ትቆምና ክዳኑ ላይ ያለችው ብረት በዘለለች፣ እንፋሎቱም በተተፋ ቁጥር በዓይኗ ትቆጥራለች። ለምን እዚያ እንደምትገተር ሲጠይቋት ሙቀቱ ለጉልበቴ ደግ ነው ትላለች።

የአሮጌው ድስት ቂጥ አብጦ መንገዳገድ ሲጀምር ኬታኪ ወደ ቱልሲባግ ገበያ ይዛት ሄደች። ነጋዴው ሁለት አወጣላቸው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው፣ የሚያፏጨው ነው። ሁለተኛው ድምፅ የለውም፤ እንፋሎቱ ሲሞላ ክዳኑ ላይ ቀይ ዘንግ ብቅ ይላል፣ ያኔ እሳቱን ቀንሶ በሰዓት ደቂቃ መያዝ ነው። ኢንዱማቲ ቀዩን ዘንግ ስታይ ለእሷ ተብሎ የተሠራ መሰላት። እጇን ልትዘረጋ ስትል የነጋዴው ወፍራም ድምፅ ቁልጭ ብሎ ተሰማት።

"እሱን የሚወስዱት መቁጠር ያቃታቸው ሙሽሮች ናቸው፤ ለእርስዎ ምን ያደርጋል?"

ኬታኪ ዞር ብላ መደርደሪያውን ታይ ነበር።

"የሚያፏጨውን ስጠኝ" አለች ኢንዱማቲ።

"አይሰማኝም" የሚል አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ያን ቃል ለማውጣት ግን አርባ ዓመት የኖረችውን ሴት መካድ ነበረባት፤ ይህንን ደግሞ የእቃ ነጋዴ ፊት ማን ያደርገዋል?

ወር አልሞላም፣ አንድ እሁድ የኬታኪ ወላጆች ለምሳ ሊመጡ ሆነ። ኢንዱማቲ ሽምብራውን ጥዳ ሁለት እንደቆጠረች ሽሪራንግ ከሳሎን ጠራት፤ የአባቱን ፎቶ ሊሰቅል ነውና መስተካከሉን እንድታይለት ፈለገ። ድስት ላይ ነኝ ልትለው አትችልም፤ ጆሮ ያለው ሰው ከሳሎንም ሆኖ ይቆጥራላ። ግራ፣ ቀኝ፣ ትንሽ ከፍ እያለች ቆየች። ስትመለስ ኬታኪ ማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። ድስቱን ማጥፋት የማትደፍረው ነገር ስለሆነባት ልትጠይቅ መጥታ ነበር።

"ስንተኛው ሆነ እማማ?"

"ሦስተኛው ነው፣ ገና ነው።"

ኬታኪ ፊቷን ትክ ብላ አየቻት።

"እማማ" አለች በኋላ፣ "ይኸው አሁን እያፏጨ ነው እኮ። ዘጠነኛው ነው።"

ኢንዱማቲ ዞር ስትል እንፋሎቱ ጣሪያ እየነካ ነበር። ኬታኪ አልፋት ሄዳ አጠፋችው።

የተቆጣት ሰው የለም። ኬታኪ ለወላጆቿ ሽምብራውን ሙጫ ያደረግሁት እኔ ነኝ አለቻቸው፤ ኢንዱማቲ ይህንን ከከንፈሯ ለቅማ አንገቷን ደፋች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ ሽሪራንግ አጠገቧ ቁጭ አለ።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ አረፍ በይ። እሳት ነው፣ አንድ ቀን ፊትሽ ላይ ይፈነዳል።"

ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ጆሮ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ማዳመጫ ታዘዘላት። ወፎቹ ተመለሱ፣ ፉጨቱም ተመለሰ። ምድጃው ግን አልተመለሰላትም፤ እሷም አልጠየቀች። የሱማን ድስት ከግድግዳው ወዲያ ሲያፏጭ እስከ ስድስት ድረስ ትሰማና ዝም ትላለች። ኬታኪ ጠዋት ጠዋት የድንብላል ቅጠል እንድትለቅም በትሪ ታቀርብላታለች፤ ለሕመምተኛ፣ እጁን ለሚያፍታታ ሰው የሚሰጥ ሥራ ነው። ኢንዱማቲም ቶሎ እንዳያልቅባት አንድ በአንድ ትለቅመዋለች።