ጠጠሯ ሁለት ያለች ዕለት

ወንድሜ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አሥር ዓመት ይበልጠኛል። በገጠሯ ኮሶዬ እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱ ጎንደር አምጥቶ ያስተማረኝም፣ በኋላ መሥሪያ ቤት ለምኖ በታይፒስትነት ያስቀጠረኝም እሱ ነው። በአገራችን ደንብ «አያ» ነበር የምለው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር።

ዘመኑ ሦስት ሰው አብሮ ሲታይ ምን እያወሩ ነው የሚባልበት ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ይመጣ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የጭልጋ ሰው። አማርኛ ያስተምራል፣ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥም ይተውናል። ቡድኑ የሚሠራው ያው ስለ አድኃሪያን መጨረሻ የሚያወራ ድራማ ስለነበር በውስጡ ያለው ችሎታ መውጫ አጥቶ ነበር። ያንን መውጫ ያገኘው ከእኛ ቤት ነው።

ነገሩ የጀመረው ወንድሜ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ የውጭ አገር መጽሔት ሲያገላብጥ ስለ አንድ ጨዋታ በማንበቡ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሌላ ሰው ይሆንና በዚያ ሰው አንደበት ይናገራል፤ ያሰበው ይሳካለት አይሳካለት የሚወሰነው ግን ጠጠር ተጥሎ ነው። የገጹ ግማሽ ተቀዶ ስለነበር ወንድሜ የቀረውን ራሱ ፈጠረው። ካርቶን ላይ የሌለ አገር ካርታ ሣለ፤ ወንዙን፣ ገበያውን፣ የሹሙን ግቢ አኖረበት። ከሉዶ መጫወቻ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለባትን ጠጠር ወሰደ። አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ይሳካል፣ ከዚያ በታች ከሆነ አይሳካም። ዳኛው እሱ ነበር። ጓደኛው መሬቱን የተቀማ ገበሬ ሆነ፤ እኔ ገበያ ዳር ጠጅ የምትሸጥ ሴት።

ጓደኛው ሲጫወት እውነት ይመስል ነበር። ገበሬው ሹሙ ፊት ቀርቦ ሲለምን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ መሬት ላይ ይንበረከካል። አንድ ቀን እያየሁት አልቅሻለሁ። እኔ ግን አይሆንልኝም፤ አፍሬ እስቃለሁ። ሁልጊዜ ይገስጸኝ ነበር። «አንቺ እኮ ራስሽን አልተውሽም። መጀመሪያ ራስሽን ተዪ» ይለኛል።

በክረምቱ መግቢያ አንድ እሁድ፣ በጨዋታው ውስጥ ሹሙ በገበያው ላይ አዲስ ቀረጥ ጣለ። ገበያተኛው ተሰብስቧል፣ የሚናገር የለም። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ ጠጅ ሻጯ ምን እንደምታደርግ ጠየቀኝ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ብድግ ብዬ እንዲህ አልኩ፦

«ሹሙ ከፍ ብሎ የሚታየን እኛ ስላጎነበስን ነው። ቀና ብንል ከትከሻችን አይደርስም።»

ከዚያ ወንድሜ ጠጠሯን ሰጠኝና ጣልኩ። ሁለት ወጣ። ገበያተኛው አልሰማሽም፣ ተበተነ አለኝ።

ጓደኛው ተቆጣ። እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቶ የሚበተን ሰው የለም፣ ከልብ የወጣ ቃል በጠጠር አይመዘንም ብሎ ተሟገተ። ወንድሜ ሕግ ሕግ ነው አለ። ክርክሩ ከጨዋታ አለፈ።

«አንተ ሰው የምትቆጥረው እንደ ቁጥር ነው» አለው ጓደኛው።

ወንድሜም ድምፁን ሳያነሳ መለሰለት፦ «አሳምሮ በመናገር የዳነ ሰው ካየህ ጥራልኝ። እኔ አላየሁም።»

ጓደኛው ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት እሁድ አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ቤታችን መጡ። ካርታውን ከአልጋ ሥር አወጡ፤ ወንድሜንና እኔን ወደ ቀበሌ ወሰዱን። ስንገባ ጓደኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሆነው ኋላ ነው የገባኝ። ያቺ ንግግሬ ከጆሮው አልወጣ ብላው፣ የኪነት ልምምድ ላይ አንድ ገበሬ ለባላባት ሲመልስ አድርጎ ተናገራት። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ካድሬ ግን አላጨበጨበም። ልምምዱ ሲያልቅ ጠራውና «ሹሙ» ያልከው ማንን ነው፣ ከየትስ አመጣኸው አለው። እሱም ከእኛ ቤት፣ ከጨዋታ ላይ እንደሰማት ተናገረ። በክፋት አልነበረም። ያችን ንግግር ያወጣት እንዲጨበጨብላት ፈልጎ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አዲስ ስለነበር አያውቀኝም። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ወንዙን ተከተለ፤ ይህ የየትኛው ግንባር ካርታ ነው ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ የሌለ አገር ነው አለው። ሊቀመንበሩ ሳቀ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሯን ከወረቀት ላይ አነበበና ቀና አለ።

«ይህን ያለው ማነው?»

ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

እጄ ላይ የታይፕ ቀለም ነበር። ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። አንገቴን ደፋሁ፤ የከተማውን አነጋገር ትቼ የኮሶዬዋን ልጅ ሆንሁ። «እኔ ምን አውቄ ጌታዬ። ሻይ አፍልቼ መስጠት ነው እንጂ የወንዶቹን ጨዋታ ምን አውቃለሁ» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ የተንቀጠቀጠውም ልክ በሚያስፈልገው መጠን ነበር። እንባዬ መጣ፤ እንዲመጣ ስፈልገው መጣ። ሊቀመንበሩ በንቀት ፊቱን አዞረ።

ወንድሜ አየኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም ያየኝ። ከዚያ «እኔ ነኝ ያልኩት» አለ።

እኔና ጓደኛው በዚያው ቀን ተለቀቅን። ወንድሜ ሦስት ሳምንት ቀበሌ ታስሮ ቆየና ወህኒ ቤት ተወሰደ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ስንቅ አመላለስሁ። ዘበኛው ወጡን በእንጨት እያማሰለ ይፈትሻል፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። በምንገናኝባት ጥቂት ደቂቃ ወንድሜ የሚጠይቀኝ ስለ ተማሪዎቹ ፈተና ብቻ ነበር። አንድም ቀን በክፉ ዓይን አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓደኛው አንድ ጊዜ ቤቴ መጣ። የክፍለ ሀገሩ ኪነት ቡድን ወስዶት አዲስ ኮት ለብሷል። በር ላይ እንደቆመ፣ ስም አልጠራሁም እኮ፣ አንቺን አልጠቆምኩም አለኝ። አዎ አልጠቆምክም አልኩት። ሊሄድ ዞር አለና ተመለሰ።

«ያን ቀን የሠራሽውን ትወና ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

እያላገጠ አልነበረም። ከልቡ ነበር ያደነቀኝ። በሩን ዘግቼ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ወንድሜ ሲፈታ በቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር። ወደ ማስተማር አልመለሱትም፤ ከጎንደር ራቅ ባለችው ዛሪማ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ተመደበ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየፈራሁ ቆይቼ አንድ ቀን በጭነት ማኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። መጋዘኑ ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ጆንያ በመርፌ ይሰፋል። ፀጉሩ ሸብቷል። በግራ ጆሮው በኩል ተቀመጥሁና መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁትን ተናገርሁ። ያን ንግግር የተናገርሁት እኔ እንደሆንሁ፣ መናገር ሲገባኝ ፈርቼ እንደተደበቅሁ፣ የእኔን እስራት እሱ እንደታሰረልኝ።

እስክጨርስ መስፋቱን አላቆመም። ከዚያ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«ምነው እንዲህ ትያለሽ?» አለኝ። «እኔ ነኝ ያልኩት። አንቺ ሻይ ስታፈዪ ነበር።»

አያ፣ ማንም አይሰማንም እኮ፣ ሁለታችን ብቻ ነን አልኩት። ፊቱን አየሁት፤ ፈገግታም ቁጣም የለበትም። ያችኑ ቃል ደገመልኝና ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ይቅርታ እንዳልጠይቀው በደሉን ራሱ ከእኔ ወሰደብኝ። እየራራልኝ ይሁን እየቀጣኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ምሳ አበላኝ። ወደ ጎንደር የሚመለስ ማኪና ሲመጣ አሳፍሮኝ ሾፌሩን አደራ ብሎት ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያንን ነገር አንሥተን አናውቅም። እሱም ሞተ፣ በቀበሌው መዝገብ ላይም የተናገረው እሱ እንደሆነ ተጽፎ ቀርቷል።