በገና መብራት ሥር የደረሰን መርዶ

ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲጋመስ በነቀምቴ አደባባይ ዙሪያ መብራት ሰቀሉ። ዛፉንም ምሰሶውንም አዳርሰውታል። የልጅ ልጆቼ ካላየን ብለው እናታቸውን መውጫ መግቢያ አሳጧት። «እማዬ፣ አንቺም ጋቢሽን ደርቢና ተነሺ፤ ሳይመሽ እንመለሳለን» አለችኝ ልጄ። ጉልበቴን አመካኝቼ ቀረሁ። ጉልበቴ እውነትም ያመኛል፤ ግን አደባባይ ድረስ ለመሄድ የሚያንስ አይደለም። ዛፍ ላይ ባለቀለም መብራት ባየሁ ቁጥር እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን ስለምትልብኝ ነው።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ዓመት አልሞላውም። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ተሾመ ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ልብስ ሰፊ ሲሆን እናቴ የአርጆ ልጅ ናት። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እሷ በኦሮምኛ ትመልሳለች፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ገመቹ በመሀላቸው ሁለቱንም እያቀላቀልን አደግን። ወላጆቼ በስማቸው ተጠራርተው አያውቁም ነበር። እሱ «ሐዳ ገመቹ» ይላታል፣ የገመቹ እናት ማለቱ ነው። እሷም «አባ ገመቹ» ትለዋለች።

ወንድሜን የወሰዱት ከአኖ ገበያ ነው። አክስታችን ዘንድ በቆሎ ሊያመጣ በሄደበት ታጣቂዎች ገበያውን ከበው፣ ክንዱ የጠነከረውን ወንድ ሁሉ በጭነት መኪና ጭነው ነጎዱ። አፈሳ ይባል ነበር፤ ሰው እንደ እህል የሚታፈስበት ዘመን ነበር። የበቆሎው ጆንያ ብቻ በሰው እጅ ተመለሰልን። ከማሠልጠኛ ጣቢያ አንድ ጊዜ «ደህና ነኝ» ብሎ በሰው ላከብን፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ጎረፈ። ያን ክረምት ሙሉ በቤታችን ደጃፍ ጭቃውን እየረገጡ ያለፉት ወታደሮች ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ። ከፊሉ ባዶ እግሩን ነው፣ ከፊሉ መለዮውን በዳቦ ለውጧል። እናቴ አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ፣ ቂጣ ጋግራ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። ካበላቻቸው በኋላ «ገመቹ የሚባል፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ አላያችሁም?» ትላቸዋለች። አንዱ «አይቼዋለሁ፣ ከኋላ እየመጣ ነው» ይላል። ሌላው «ወደ ሱዳን የወጡት ውስጥ አለ» ይላታል። ዋሽተው ሊጎዷት አስበው አይመስለኝም። የራበው ሰው ላበላው የሚሰጠው ነገር ሲያጣ መልካም ወሬ ይሰጣል።

በብርዱና በእርጥበቱ እናቴ ሳል ያዛት፤ ክረምቱ እስኪወጣ አልጋ ላይ ዋለች። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ግን ተስፋዋም አብሮ ጠና። እህል መቅመስ ጀመረች። የገመቹን አንሶላ አጥባ አነጠፈች፣ ሸሚዙን ፀሐይ ላይ አሰጣች። አባቴ ደግሞ ጥቅምት ላይ ተለወጠብን። ከሱቁ ሲመለስ ከማንም ጋር አይነጋገርም። እራት ሲቀርብ ሁለት ሦስቴ ጎርሶ ይነሳል። የሕመም ነገር መሰለኝ።

ገና ደረሰ። በደርግ ጊዜ ተዘግቶ እህል የተከማቸበት፣ የእናቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ለምእመናኑ ተመልሶ ነበርና ወጣቶቹ ግቢውን በመብራት ሊያስጌጡ ተነሱ። አምፖሉን አንድ በአንድ ቀለም እየቀቡ በሽቦ ሰክተው ከጽድ ወደ ጽድ ዘረጉት። ከቀርከሃ ትልቅ ኮከብ ሠርተው በብልጭልጭ ወረቀት ሸፈኑት። ወሬው ከከተማ አልፎ ገጠር ገባ። በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአርጆና ከአኖ በኩል ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ሲገባ በዓይኔ አየሁ።

እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ «ተነሱ፣ ሁላችንም እንሄዳለን» አለች።

«ብርድ ነው፤ ሳልሽ ይነሳብሻል» አላት አባቴ።

«አባ ገመቹ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ከየአገሩ ሲመጣ ስለ ልጄ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቴ ተቀምጬ ማን ይነግረኛል?»

አባቴ ኮቱን አነሳና ተከተለን።

ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። የበጋው አቧራ ከእግራችን ሥር እየተነሳ ጉሮሮ ይይዛል፤ በየግቢው የተሰጣው ቡና ሲደርቅ የሚሸተው ጣፋጭ ሽታ ደግሞ ከተቃጠለ ገለባ ጢስ ጋር ይመጣል። በቤተ ክርስቲያኑ በር ሸንኮራና ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። እናቴ ሸንኮራ ገዛችልኝ። ከመቼው ጊዜ በላይ ደስ ብሏት ነበር። ጄኔሬተሩ አጓርቶ መብራቱ ድንገት ቦግ ሲል ግቢው በእልልታ ተናወጠ። የእናቴ ፊት በግማሹ ቀይ፣ በግማሹ አረንጓዴ ሆነ። ሳቀች።

«ኢንተላ ኮ፣ ለከርሞ ዛፉ ላይ ወጥቶ የሚሰቅለው ገመቹ ነው» አለችኝ፤ «ኢንተላ ኮ» ሴት ልጄ ማለት ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ።

መዘምራኑ ጀምረው ነበር። በሕዝቡ መሀል አንድ ወጣት በምርኩዝ እያነከሰ ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው አባቴ ነው። ክንዴን ጨብጦ «ወዲያ ማዶ እንሂድ፣ ከዚያ ይሻላል» አለ። እናቴ ግን ወጣቱ ወደ እኛ እየመጣ መሆኑን አይታ ቆመች። ደርሶ ምርኩዙን በብብቱ ደገፈና እጇን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ሀርሜ፣ ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ።» እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለት ነው። «ፈይሳ እባላለሁ። ገመቹ ለእኔ ወንድሜ ነበር።»

«ነበር?» አለችው እናቴ።

ፈይሳ ቀና ብሎ አባቴን አየው። «ኦቦ ተሾመ፣ አልነገሯቸውም እንዴ?»

የእናቴን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፈው? ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይመስልም ነበር። መዝሙሩ ተቋረጠ። ሕዝቡ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ልጁ ያልተመለሰለት በዚያ ግቢ ብዙ ነበርና። አንዲት እናት ከጽዱ ሥር የራሷን ልጅ ስም እየጠራች ደረቷን መታች። ከወዲያ በኩል ሌላዋ ተቀበለቻት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት እልል ያለው ሕዝብ ሙሾ አወጣ፤ በላዩ ላይ ቀዩም ቢጫውም መብራት እንደበራ ነው። አንድ የመዘምራኑ አስተባባሪ አፍሮ «ጄኔሬተሩን አጥፉት!» ሲል እናቴ ከወደቀችበት ተነሳች።

«አታጥፉ! ልጄን የቀበረውን ሰው ፊት ልየው» አለች።

ፈይሳን ከኮከቡ ሥር አቆመችው። በኦሮምኛ ነበር የተነጋገሩት።

«አንተ ነህ የቀበርከው?»

«እኔና ሌላ ጓዳችን። እግሩን ቆስሎ ነበር፤ ቁስሉ አመረቀዘበት። ሰሜን ነው፣ ከአንድ ግራር ሥር።»

«ውሃ ጠይቆ ነበር?»

«ጠይቆ ነበር፣ ሀርሜ።»

«ሰጣችሁት?»

ፈይሳ እንባው ወረደ። «አልነበረንም» አላት።

እናቴ ጉንጩን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ዞራ አባቴን «መቼ ነው የነገረህ?» አለችው።

«ጥቅምት ላይ። ሱቅ መጥቶ…» አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሻሸዋል። «ገና ከሕመም መነሳትሽ ነበር፣ ሐዳ ገመቹ። እህል ቀምሰሽ ትንሽ እስክትጠኚ ብዬ ነው። ከገና በኋላ ዘመድ ሰብስቤ ልነግርሽ ነበር።»

«በየማታው ልጄን በሰላም አምጣልኝ ብዬ ስጸልይ አጠገቤ ሆነህ አሜን ትል ነበር።»



ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና እኛን ሳትጠብቅ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶው የሁሉም ስለሆነ ሰው ከቤት ቤት እየተዘዋወረ ያለቅስ ነበር። ፈይሳም ሰልስቱ እስኪያልፍ አብሮን ሰነበተ።

ከዚያ ማታ በኋላ እናቴ «አባ ገመቹ» ብላ ጠርታው አታውቅም። «ተሾመ» አለችው፣ እንደ ጎረቤት ሰው። መጀመሪያ እንዲህ ስትጠራው ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞሮ ያይ ነበር። አልተፋቱም። ልብሱን አጠበች፣ እራቱን አቀረበች፤ በመጨረሻ ሲታመምም ያገላበጠችው እሷ ናት። ስሙን ግን አልመለሰችለትም። እኔ አባቴንም እረዳዋለሁ። ያን ያህል ጊዜ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ያን ጉድ ብቻውን በሆዱ የያዘ ሰው ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ፈርቶ ነው። እናቴም ይህን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን ጎመን ስንቀነጥስ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ሸሚዝ ሳሰጣ ከረምኩ። የምታለቅስለት እናት እያለው እንደሌለው ሆነ። ይሄ ነው የማይወጣልኝ።»

በኛ አገር መርዶ የሚነገረው በጥንቃቄ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይመረጣል፣ ለታመመ ይዘገያል። ደግ ሥርዓት ነው፤ አባቴም የተደገፈው እሱን ነበር። ዳሩ ግን ለሟች እናት ማዘናችን የት ላይ አልቆ ለራሳችን መፍራታችን የት እንደሚጀምር ማን ያውቃል?

አምና የጎረቤቴ ልጅ ከጊዳ አያና ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። በእነዚህ ዓመታት ስንቱን እንዲህ ሰማን! የመንደሩ ሰው እኔ ቤት ተሰብስቦ፣ እናቱ ደም ግፊት ስላለባት በዓሉ እስኪያልፍ እንቆይ ተባለ። እናቴን እያሰብኩ ሰማኋቸው፤ ሁሉም የሚሉት ልክ ነው። ከዚያ የጤና ጣቢያዋን ነርስ አስጠራሁና ተነስቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ እናቱ ቤት ሄድኩ። ገና በሩን ስትከፍት አየችኝና ሁሉንም ተረዳች። ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም፤ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። ጠልታኝ ይሆናል። ይሁን። ልጇን ግን በሞተበት ቀን አልቅሳለታለች።