ስንዝር የጎደላት ሞተር

በአሶሳና በዙሪያዋ እጄ ያልገባበት ወፍጮ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆንም እውነት ነው። የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ የስፌት መኪና፣ የሚያነክስ ባጃጅ፣ አንድ ጊዜም የጥርስ ሐኪም ወንበር ጠግኛለሁ። ወንበሩን ሲያመጡልኝ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ፈታሁት፣ አየሁት፣ ገባኝ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት አራት ወር ብቻ ነው። ፊደል ቆጥሬ ወጣሁ፤ የቀረውን ብሎን አስተማረኝ። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን እንኳ ጄኔሬተራቸው ሲታመም "ሽማግሌውን ጥሩልን" የሚሉ አሉ። እነሱ ስለ ማሽን የተጻፈውን አንብበዋል፤ እኔ ማሽኑን ራሱን አነባለሁ።

ከወሎ የመጣሁት በደርግ ጊዜ ከሰፋሪዎች ጋር ነው። ጢሜ ገና አልበቀለም ነበር። እርሻ አልሆነልኝም። የሰፈራ ጣቢያው ትራክተር ሲበላሽ ግን ከሥሩ የማልጠፋ እኔ ነበርኩ፤ በሦስተኛው ዓመት ትራክተሩ እኔ ካልነካሁት አልነሳ አለ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ነው።

ሞተር ሳይክሏን ያገኘኋት ከአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ክምር ውስጥ ነው። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሰጣት፣ ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራች፣ ቀጭንና ረዥም ነገር ናት። ዳገት ላይ ፍየል ናት። በእሷ ያልሄድኩበት ቀበሌ፣ ያልጠገንኩት የገጠር ወፍጮ የለም። ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ከኋላዬ የመፍቻ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚቀመጥ ወዳጅ ነበረኝ።

ወዳጄ የመንጌ ሰው ነው፤ ብሔሩ በርታ ነው። ቋንቋውን እሱ ያውቃል፣ ወፍጮውን እኔ። እሱ ባይኖር ግማሹ መንደር በር አይከፍትልኝም ነበር። ሱዳኖች የእጅ ባለሙያን እንደሚጠሩት "ያ ኡስታ" ይለኛል። የራሱ ሙያ ዙምባራ መሥራት ነበር። ዙምባራ ከቀርከሃ የሚሠራ የሚነፋ ቀንድ ነው፤ አንዱ ቀንድ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ረዥሙ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ሰዎች በየእጃቸው አንድ አንድ ይዘው በየተራ ሲነፉት ዘፈን ይሆናል። ወዳጄ ቀርከሃውን በጣት እየለካ ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ትንሽ ይቆርጣል። "አንድ ጊዜ ከቆረጥክ አይመለስም" ይል ነበር። እኔ እስቅበት ነበር፤ ብረት ይመለሳላ፣ ይበየዳላ።

ወደ መንጌ ስሄድ ሞተሯን ከሩቅ ለይቶ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀኛል። የመንደሩ ውሻ እንኳ ገና ጆሮውን ሳያቀና እሱ ቆሟል። አንድም ቀን ቤቱ ድረስ ሄጄ በር አንኳኩቼ አላውቅም።

ኋላ በግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ዘመን መጣ። ሰው በያለበት ተቀመጠ። ሞተሯን ከጓሮዬ ማንጎ ሥር አቆምኳት፤ ዶሮዎች ወረሷት። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ እኔ አርጅቼ ነበር። እሱም እንደዚያው።

ባለፈው በጋ ስልኬ ጮኸ።

"ያ ኡስታ! ዓይን ሄደ።"

"ወዴት ሄደ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የሚያየው እሱ ነበር።"

"ሐኪም ምን አለህ?"

"ሐኪም ቆይተሃል አለኝ። እኔ ደግሞ አዎ፣ ብዙ ቆየሁ አልኩት።"

ስቀን ስናበቃ የደወለበትን ነገረኝ። ልጁ ያገባችው ቶንጎ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ መጥታ ልትወስደው ነው፤ ብቻውን መኖር አልቻለም። ቶንጎ ደግሞ ከአሶሳ በሌላው አቅጣጫ ነው፤ ለእኔ ለሽማግሌው እንደ ሌላ አገር።

"ክረምት ሳይገባ ና" አለኝ።

"ነገ በሚኒባስ መጣሁ።"

"ሚኒባስ አይደለም። ሚኒባስ ሁሉ ድምፁ አንድ ነው። በሞተር ና። ከሩቅ ልስማ፣ ልነሳ፣ መንገድ ልውጣ። እንደ ዱሮ።"

"እሺ" አልኩት። ሞተሯ የዶሮ ቤት መሆኗን አልነገርኩትም።

በማግስቱ እየጎተትኩ ሳወጣት ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ ዶሮዋ የት ልትተኛ ነው?"

"ዶሮዋ ቤት ትሥራ።"

"ጉልበትህ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ አቅቶታል፣ አንተ መንጌ ትላለህ! በመኪና ሄደህ ብትጠይቀው ምን ይልሃል?"

"በመኪና ብሄድ የመጣሁት እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?"

ዶሮዋን አቅፋ ገባች። ወዳጄን ትወደዋለች።

ለአዲስ ዕቃ የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ለእሷ የሚሆን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚህ እንደማውቀው ሠራሁ። ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቆ ነበር፤ ናፍጣ አፍስሼበት ሦስት ቀን አሳደርኩት፣ በአራተኛው ቀን በእንጨት መዶሻ አባብዬ አወጣሁት። የፒስተኑ ፋሻ፣ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት፣ ተሰብሯል። ከሞተ የውሃ ፓምፕ ፋሻ አውጥቼ በሞረድ እየሞረድኩ፣ እየለካሁ፣ ደግሞ እየሞረድኩ አስገባሁ። የአየር ማጣሪያዋን ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆረጥኩ። የፍሪሲዮን ገመዷ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ሆነ። የካርቡራቶሯን ቀዳዳዎች ከመጥረጊያ በነቀልኩት ጭራሮ አጸዳሁ። ወንበሯን በማዳበሪያ ከረጢት አለበስኩ። የገዛሁት እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ብቻ ነው።

የቀረው ማርሚታው ነበር፤ ጭሱ የሚወጣበት ሆዳም ቱቦ። መሐሉ በዝገት ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። የተበላውን አንድ ስንዝር ያህል ቆርጬ ጣልኩና ሁለቱን ጫፍ እንዲያጋጥምልኝ ወደ በያጁ ሄድኩ። በያጁ ሙያ የቀሰመው ከእኔ ነው፤ አሁን ባለ ሁለት በር ጋራዥ አለው።

"ጋሼ፣ ቢያጥር ችግር አይኖረውም?" አለኝ።

"ማርሚታ የጭስ መንገድ ነው። ጭስ መንገድ ሲያጥርለት ይመርቅሃል እንጂ አይከስህም።"

በጋራዡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም በራሴ አባባል ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ለሁለት ሊትር ቤንዚን አንድ ስኒ ዘይት ቀላቅዬ፣ ታንኩን ሞልቼ፣ ፔዳሉን መርገጥ ጀመርኩ። በአሥራ አንደኛው ተነሣች። ሰማያዊ ጭሷ ጓሮውን ሞላው። ያን የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከሸተትኩ ስንት ዘመኔ! ጎልማሳነቴ በአፍንጫዬ ተመልሶ መጣ፤ የመንጌ አቧራ፣ ከኋላዬ የሚያንጎራጉረው ወዳጄ፣ ወፍጮ ሲነሳ እልል የሚሉ ሴቶች። ዓይኔን ጠራረግሁ። ባለቤቴ ጭሱ ነው ብላ አለፈችኝ።

ከቤታችን በላይ ካለው ትንሽ ዳገት ላይ ግን ሞተሯ ከዳችኝ። ሜዳ ላይ ትጮሃለች፣ ዳገት ስታይ ትደክማለች፣ ትንተባተባለች፣ ትጠፋለች። ካርቡራቶሩን አሥር ጊዜ ፈታሁ። ፋሻውን አውጥቼ አየሁ፤ ደህና ነው። ፍሪሲዮኑን ጠረጠርኩ፣ ካንዴላውን ጠረጠርኩ፣ ቤንዚኑ ውሃ አለው ብዬ ሻጩን ሰደብኩት፤ ሰውየውን በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። ከሰዓት በኋላ ደመና መቋጠር ጀመረ።

"ጋሼ፣ ለሙዚየም ያስረክቧት" አለኝ በያጁ።

"አንተን ነው የማስረክብህ።"

አንድ ቀን ወደ መንጌ ደወልኩ። የደወልኩት ለመዋሸት ነበር፤ ታምሜያለሁ ልል።

"ሞተር ተነሳ?" አለኝ ገና ሰላም ሳልለው።

"ተነሣች፤ ግን…"

"ልስማ።"

አስነሣኋትና ስልኩን ከማርሚታው ኋላ ያዝኩት። ወደ ጆሮዬ መለስኩት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ይሄ እሱ አይደለም" አለኝ።

"እሷ ናት እንጂ!"

"አይደለም። ድምፁ ይቸኩላል። ቀንዱ አጭር ነው። አንተ ቆረጥክ?"

ጎንበስ ብዬ የተበየደውን ቱቦ አየሁት።

"ያ ኡስታ፣ ቆረጥክ?"

"ትንሽ።"

"ስንት ጣት?"

"ስንዝር።"

እስኪያስለው ሳቀ። "ወላሂ! እኔ ከዙምባራ ስንዝር ብቆርጥ ሰዎቹ በዱላ ያባርሩኛል። አንተን ማን ያባርራል?"

ማርሚታ ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ልከራከር ነበር። ግን ሐሳቡ እንደ መብረቅ መታኝ። እንዲህ ያለች ሞተር የምትተነፍሰው በማርሚታዋ ነው፤ ጭሱ ወጥቶ አያልቅም፣ ግፊቱ መልሶ ይገፋታል። መንገዱ ሲያጥር የሚመለሰው ያለ ጊዜው ይመለሳል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እዚያው ስልኩን እንደያዝኩ በራሴ ደረስኩበት። የጠቆመኝ ግን እሱ ነው፤ ይህን እውነት አልክድም።

የቆረጥኩት ቁራጭ የት እንደተጣለ አልታወቀም። በያጁ ጋ ሄጄ ያጋጠመውን አስፈታሁት፤ በሁለቱ ጫፍ መካከል እንደ እጅጌ የሚንሸራተት የቧንቧ ቁራጭ አስገባሁና በማሰሪያ አጠበቅሁት። ከዚያ ለወዳጄ ደውዬ በስልክ አቆየሁት።

"አሁንስ?"

"ጨምር።"

አንድ ጣት ሳብኩ፣ አጠበቅሁ፣ አስነሣሁ።

"አሁንስ?"

"ጨምር። አሁንም ይቸኩላል።"

በያጁ የብየዳ መከለያውን ግንባሩ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ያየናል። በጋው ሁሉ ያሾፉብኝ የጋራዡ ሰዎች ዙሪያውን ቆመዋል፤ ማንም አልሳቀም። አንድ ቦታ ስንደርስ ከስልኩ ውስጥ ጩኸት ወጣ።

"ተው! እዚያ! አትንካ! እሱ ነው!"

ጣቴን ዘርግቼ ለካሁት። አንድ ስንዝር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በያጁ እዚያው በየደው። የዚያን ዕለት የቤታችንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣኋት።

ከሁለት ቀን በኋላ ማለዳ ተነሣሁ። ባለቤቴ በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ከወንበሩ ጀርባ አሰረችልኝና "ብትወድቅ ደውል፣ ካልወደቅህም ደውል" አለችኝ። መሐል መንገድ ላይ ያለችውን ሆሞሻን አልፌ የድንጋዩን መንገድ ስይዝ ወገቤ ማቃጠል ጀመረ። ግን ሞተሯ ትዘፍን ነበር። ከኋላዬ ማንም እንደሌለ እየረሳሁ ሁለቴ አንገቴን አዙሬ ተናገርኩ።

መንጌ መግቢያ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በትሩን ይዞ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ነጭ ቆቡ ታጥቦ ተተኩሷል። ከስቷል። ሞተሯን ሳላጠፋ አጠገቡ አቆምኩ።

"ከሆሞሻ ስትወጣ ሰማሁ" አለኝ።

"ውሸታም!"

"ጉራ ያንተ ብቻ ነው እንዴ?"

ተቃቀፍን። ከዚያ እጁን ሞተሯ ላይ አሳረፈ፤ ታንኩን፣ መሪውን፣ ወንበሩን ዳሰሰ። ማርሚታው ሊያቃጥለው ሲል እጁን ያዝኩት። እስኪበርድ ጠብቆ ብየዳውን በጣቱ ለካና ራሱን ነቀነቀ።

ከኋላዬ አስቀመጥኩት። ዱሮ ትከሻዬን በአንድ እጁ ይይዝ ነበር፤ አሁን በሁለት እጁ ወገቤን አቀፈኝ። እጆቹ የቀርከሃ ያህል ቀለውብኛል። ወደ ገበያው ቀስ ብለን ሄድን። እሱ የምናልፍበትን ሁሉ ይነግረኛል፦ "ይሄ መስጊድ ነው። ይሄ የወርቅ ገዢው ቤት ነው። እዚህ የኛ ወፍጮ ነው።" ቀና ብዬ አየሁ። ወፍጮው የለም፤ ቦታው ላይ ሱቅ ተሠርቶበታል።

"ይሰማል?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ወፍጮ።"

"ዛሬ ቆሟል" አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ከደጁ አወረድኩት። ቶንጎ ስላለችው ልጁ፣ ስለ ልጆቿ አወራልኝ። መጥቼ እጠይቅሃለሁ አልኩት። "ኢንሻላህ" አለኝ፤ ሁለታችንም ያን መንገድ እናውቀዋለን። ልረግጥ ስል ክንዴን ያዘኝ።

"ስትሄድ ሁለተኛ ማርሽ አታስገባ። ሁለተኛ ሲገባ ድምፁ ይሸሻል። በአንደኛ ሂድ። ረዥም ልስማ።"

እንግዲህ በዚያ በጋ የሠራሁት ይህ ነው፦

ዶሮ የፈለፈለባትን ሞተር ከካንዴላ በቀር አንድ አዲስ ዕቃ ሳልገዛ አስነሣሁ።

የውሃ ፓምፕ ፋሻ በሞተር ሳይክል ፒስተን ላይ እንዲሠራ አደረግሁ። አይሆንም ያሉ መጥተው አይተዋል።

ማርሚታ በስልክ የቃኘ ሰው ከእኔ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ቃኘን ልበል፤ እሱም አለበት።

በዚህ ዕድሜዬ አሶሳ መንጌ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ሄድኩ። ሆሞሻ ላይ ዝናብ ያዘኝ፤ አልወደቅሁም፤ ደወልኩ።

ወዳጄን እንደ ዱሮው ከኋላዬ አስቀምጬ ገበያ ወሰድኩት፣ መለስኩትም።

ከደጁ ተነስቼ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ከወዲያ ያለውን ዳገት ጨርሼ፣ ሞተሯ ቅልጥሜን እየጠበሰችው፣ አሁንስ አይሰማም እስክል፣ ከዚያም ትንሽ አልፌ፣ በአንደኛ ማርሽ ሄድኩ።