ሳጥኑን የገለበጠው ወዳጄ

መጽሐፌን ያነበበ የናዝሬት ሰው ጥቂት ነው። መጨረሻውን የማያውቅ ግን የለም። ይህን ያደረገልኝ ጠላት አይደለም፤ ጠላት እንዲህ ያለ ትጋት የለውም። ወዳጄ ነው።

ወዳጄ መቂ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ደላላ ነው። አገሩ ሁሉ ሐጂ ይለዋል፣ እኔም ሐጂ እለዋለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ በስሙ ብጠራው ዞር ብሎ ማንን እንደምጣራ ፈለገ። እኔ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ አጥር ስር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልብ ወለድ የጀመርኩት በስተርጅና ነው ስል ባለቤቴ ትስቃለች። «ድሮስ ምን ስትጽፍ ነበር?» ትላለች። እውነቷን ነው። አንዲት ሴት መጥታ ጎረቤቴ አጥሬን ገፋብኝ ካለችኝ፣ ገፊውን አረመኔ፣ ተገፊዋን ምስኪን፣ አጥሩን ደግሞ የሟች አባቷ የእጅ ሥራ አድርጌ ነው የማስረክባት። ዳኞቹ ያምኑኝ እንደሆነ አላውቅም። ባለጉዳዮቹ ግን ሲነበብላቸው ያለቅሱ ነበር።

ሐጂ ጆሮዬ ነበር። ትልቋ ልጁ እዚህ ናዝሬት ስላገባች በየሳምንቱ እሷን ሊጠይቅ ይመጣል። ከዚያ ጁስ ቤት እንገናኛለን። እሱ አቮካዶውን ያዝዛል፣ እኔ ወረቀቴን አወጣለሁ፣ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ አካባቢ የተኛ እየመሰለኝ አቆም ነበር። «ለምን ቆምክ? ሰውዬው በር ላይ ቆሟል እኮ፣ አስገባው» ይለኛል። መሃል ሳምንት ከመቂ ይደውላል።

«ልጅቷ ወለደች?»

«ገና ናት።»

«እንዴ፣ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ? ሐኪም ቤት አትወስዳትም?»

እንዲህ ያለ አንባቢ ያለው ደራሲ ሌላ አንባቢ ምን ያደርግለታል እል ነበር። አምላክ የሰማኝ ይመስለኛል፤ ሌላ አንባቢ አልሰጠኝም።

ታሪኩ ስለ አንድ የመቂ ሽንኩርት አምራች ነው። በደረቁ ወራት፣ ሽንኩርቱ ውሃ ውሃ በሚልበት ሰዓት፣ የውሃ ሞተሩ ይሰረቃል። ማሳው ዓይኑ እያየ ይደርቃል። አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚጠረጥረው የሚስቱን ወንድም ነው፤ እኔም እንዲጠረጥረው ያላደረግኩት ነገር የለም። ሰካራም አደረግኩት፣ ባለዕዳ አደረግኩት፣ ዓይኑን ሳይቀር ትንሽ አጠበብኩት። ሌባው ግን የሰውየው የልብ ጓደኛ የሆነው ደላላ ነው። ይህም የሚታወቀው በመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። መጽሐፉ ያለዚያ ምዕራፍ የሽንኩርት ድርቀት ታሪክ ነው።

ደላላውን ስፈጥር ከዚህም ከዚያም ለቃቀምኩ። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ ማድረጉን ከሐጂ ወሰድኩ። የሽንኩርቱን አንገት በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ መድረቁን የሚያይበትንም ከእሱ ወሰድኩ። አረማመዱን ወለንጪቲ ከማውቀው አንድ ሥጋ ሻጭ፣ ሳቁን ከራሴ። ክፋቱን ግን ከማንም አልተበደርኩም፤ ቤቴ ውስጥ የተገኘ ነው። ለሐጂም ነገርኩት። «ኮፍያዬን ጻፍከው?» ብሎ ደስ አለው። የመጨረሻውን ምዕራፍም ከባለቤቴ በፊት ለእሱ አነበብኩለት። ስጨርስ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ «መቼም ሰው አይገምትም» አለኝ። እኔ አድናቆት ነው ብዬ ወሰድኩት። ያን ቀን ሁለተኛ ጁስ ጋበዝኩት፤ ስኳሬን ረስቼ ራሴም ጠጣሁ።

መጽሐፉ ታተመ። ገና ሳይመረቅ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእሱ ሰጠሁት። ቀጥሎ የምረቃው ጣጣ መጣ። ምረቃ ላይ አስተያየት ሰጪ ያስፈልጋል። ልማዱ ዶክተር መጥራት ነው፤ ዶክተሩም ሳያነብ ይመጣና ስለ ሌላ መጽሐፍ አውርቶ ይሄዳል። እኔ ብልጥ ነኝ። ዕቃ ማሻሻጥ ከሆነ ጉዳዩ ደላላ እያለ ዶክተር ምን ይሠራል አልኩ። ባለቤቴ «ሐጂ ምን ይላል ብለህ ነው?» አለችኝ። «የሚለውን እሱ ያውቃል» አልኳት።

ያውቅ ነበር።

የተከራየሁት የሆቴል አዳራሽ ነፋስ የማይገባበት፣ ከናዝሬት ሙቀት ሁሉ የተመረጠው የተቀመጠበት ነበር። ከመድረኩ በላይ የእኔ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፀጉር የነበረኝ ጊዜ የተነሳሁት። ሐጂ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከመቂ መኪና ሙሉ ሰው ይዞ መጣ። ደላሎችና ሽንኩርት አምራቾች ናቸው፤ ከፊት ረድፍ አስቀመጣቸው። አንባቢ አመጣልኝ ብዬ ልቤ ተነካ። ለካ ምስክር ነበር ያመጣው።

መድረክ መሪዋ ጠራችው። ወጣ። በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላምታ ሰጠ፣ የሁሉንም ቤተሰብ ጠየቀ። ቀጥሎ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ደላላ ነኝ። መቂ ላይ ገዢ የቲማቲም ሳጥን ሲመጣለት ከላይ የተደረደረውን ቀይ ቀዩን አያይም። ገልብጠው ይላል። ጨዋ ደላላ ደግሞ ገልብጥ እስኪባል አይጠብቅም። የወዳጄንም ሳጥን ልገልብጥላችሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

«ሞተሩን የሰረቀው የሚስትየው ወንድም አይደለም፤ እሱ እንዲያው ጠጪ ነው እንጂ ምንም አላደረገም። የሰረቀው ደላላው ነው። ጓደኛው ነው የሰረቀው። መጨረሻው ይሄ ነው።»

ከዚያም ማንም ሳይሰማ እንዳይቀር በኦሮምኛ ደገመው። ኦሮምኛዬ ደካማ ነው፤ ያን ቀን ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«አሁን ስሙኝ» ብሎ ወደ ፊት ረድፍ ዞረ። «ይሄ ደላላ እኔ አይደለሁም። ኮፍያው የኔ ነው፣ አልክድም። ጣቱም የኔ ነው። ስርቆቱ ግን የእሱ ነው፤ ከገዛ ጭንቅላቱ ነው ያመጣው። ይኸው ተቀምጧል፣ ጠይቁት።» ወደ እኔ አየ። «ዋሸሁ እንዴ?»

የአዳራሹ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልዋሸህም አልኩት። የመቂ ሰዎች አጨበጨቡ።

ከእሱ በኋላ ደግሞ ቅንጭብ የምታነብ ልጅ ተይዛ ነበር። የተመረጠላት የሚስትየው ወንድም ማታ ማታ ሞተሩ አጠገብ የሚንጎራደድበት፣ አንባቢ እንዲፈራው ብዬ ስንት ቀን የለፋሁበት ምዕራፍ ነው። ልጅቷ ድምጿን አወፍራ አነበበችው። ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ፣ ምስኪን» አለች።

በማግስቱ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና «ፋዘር፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የሞተሩ ደራሲ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «የደላላው ነገር ግን ሲያሳዝን፤ ሰው እንዴት በጓደኛው ይጨክናል?» አለ። መጽሐፉን አንብቦ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ምን ያደርግልኛል፣ አወቅኩት እኮ» አለኝ። መናኸሪያው በር ላይ የሚያዞርልኝ መጽሐፍ ሻጭም ሳምንት ሳይሞላው መለሰልኝ። «ጋሼ፣ ሰው ያነሳዋል፣ ደላላው ነው አይደል ይለኛል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል።» ያን ሁሉ ዓመት የደበቅኩት ነገር የመንገድ ሰላምታ ሆኖ ቀረ።

ወደ መቂ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሞጆን፣ ቆቃን፣ ዓለም ጤናን እስኪያልፍ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝና ቃል አልቸገረኝም። ሐጂ አይሱዙ እያስጫነ አገኘሁት።

«መጣህ» አለኝ።

«ለምን እንዳደረግከው ንገረኝ።»

«መጀመሪያ ሻይ ጠጣ።»

«አልጠጣም።»

«እንግዲያው ቆመህ ስማ። ለወገብህ ግን ጥሩ አይደለም።»

ተቀመጥኩ። ወገቤ ሁልጊዜ የእሱ ወገን ነው። ያዘጋጀሁትም ንግግር የቆመ ሰው ንግግር ስለነበር እዚያው ጠፋብኝ።

«የሰጠኸኝን መጽሐፍ እዚህ ያላገላበጠው የለም» አለኝ። «ኮፍያዬን አወቁት። ሐጂ ሞተሩን የት አደረግከው ይሉኛል። ሳቅኩ። አንተም ብትሆን ትስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ጭነቱን ለሌላ ደላላ ሰጠ። ገበሬ ሽንኩርቱን እኔ ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ በእጁ ምን ይዞ ነው የሚሄደው? ስሜን ነው።»

«ጁስ ቤት ስንገናኝ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ታትሟል።»

«ሌላ ሰው መድረክ ላይ አወጣ ነበር።»

«እኔስ የምናገርበት ሌላ መድረክ የት አገኝ ነበር?»

«ጓደኛህ አይደለሁም? የመጽሐፉም ደላላ ጓደኛውን ነው የከዳው።»

«እሱን የጻፍከው አንተ ነህ» አለኝ። ድምፁን አላነሳም። «አንተ ሌላ መጽሐፍ ትጽፋለህ። እኔ ሌላ ስም ከየት አመጣለሁ?»

ያቃጠለኝ ግን የተናገረው አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሁሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አቮካዶውን በማንኪያ እየበላ፣ ማን ይናገር ብዬ ሳማክረው «እኔ አለሁልህ» ሲለኝ፣ በልቡ አዳራሹን እያዘጋጀ መሆኑ ነው። የፊት ረድፉን እየቆጠረ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው በመፍጠር የምኮራ፣ የሰው ሆድ አነባለሁ የምል፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለውን ማንበብ አቅቶኝ ስኳር ያለበት ጁስ እጠጣ ነበር።

ብዙ ወር አልተገናኘንም። ሌላ ልብ ወለድ ጀመርኩ። ለባለቤቴ ላነብላት ሞከርኩ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ታንቀላፋለች፣ ስትነቃ ደግሞ ግሩም ነው ትለኛለች። አንድ ቀን ጁስ ቤቱ ገብቼ ለብቻዬ ስቀመጥ ሐጂ መጣ። ትልቋን ልጁን ጠይቆ መመለሱ ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ አዘዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ክብሬን ጠብቄ ትንሽ ቆየሁ። ትንሽ ስል ጁሱ እስኪመጣ ማለቴ ነው። ከዚያ ወረቀቴን አወጣሁ።

እንደዚያ ሆነን ወራት ሄዱ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ምዕራፍ አፋፍ ላይ ደረስንና ወረቀቱን አጠፍኩ። ዓይኑን ገለጠ።

«ቀጥል እንጂ።»

«እዚህ ላይ ነው የቆመው።»

«መጨረሻውስ?»

«አልጻፍኩትም።»

ተጽፎ አልቋል። የት እንዳስቀመጥኩት ባለቤቴም አታውቅም። ሐጂ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔ መቼ ነው የምሰማው?»

«ሲታተም ገዝተህ ታነበዋለህ።»

«እንደማንም ሰው?»

«እንደማንም ሰው።»

አንገቱን ደፍቶ በብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ለረጅም ጊዜ አማሰለ። ይህን ስለው እንደሚያመው አውቅ ነበር፤ እንዲያመው ብዬ ነው ያልኩት፣ እና አመመው። እኔንም እንዲህ ያመኛል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ተነሳ፣ ጀለቢያውን አስተካከለ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ።

«ምረቃው ላይ ትጠራኛለህ?»

«ለመቀመጥ ብቻ» አልኩት።