የባትማ ስልባቦት

ባትማ በናሪን ተራሮች ሥር ባለችው መንደራችን ሠላሳ አንድ ዓመት ድሬሰር ሆና ሠርታለች። መርፌዋ አያምም ይባላል። ውሸት ነው፣ ያማል። ግን የታማሚ ቤት ባዶ እጇን ገብታ አታውቅም፤ ክኒኑ ሆድ እንዳይጎዳ ብላ ከገዛ ላሟ የወጣ፣ እሳት ያልነካው ስልባቦት ይዛ ትሄድ ነበር።

ላሟ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጨነገፈች። በጸደይ የከብት ሐኪሙ ደም ሊወስድ ሲመጣ ባትማ ቤቴ መጣች።

"ሻርሼን፣ ላሜን ሁለት ቀን ብቻ ወደ ተራራው ውሰድልኝ። በሽታ ተገኝቶባት ከታረደች ልጆቹ ምን ይጠጣሉ?"

ጎረቤት ነኝ፣ ገመዱን ይዤ ነዳኋት።

በዚያው ሰሞን አሥራ አንድ ሰው በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ተኛ። ከብት የሚያስወርደው በሽታ ነው፣ ወደ ሰውም ይሻገራል። ባትማ ስድስት ሳምንት አከመቻቸውና ተነሡ። በጋው ሳያልቅ ሰባቱ መልሰው ወደቁ። ትራክተር ነጂው ቱርዳኩንማ ሱሪውን ራሱ መልበስ አቃተው።

ከወረዳው ጤና ጥበቃ ኑርዛት የምትባል ወጣት መጣች። መርፌ የላትም፣ ክኒን የላትም። ደብተር ይዛ በየቤቱ ትጠይቃለች፤ ወተቱ ከማን ነው? ፈልቷል?

"ለመሆኑ አንድ ሰው አድነሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት ባትማ፣ ሰው እየሰማ።

"እኔ እንጃ፣ እትዬ። ሳይታመም የቀረ ሰው መጥቶ አያመሰግንም።"

"በይ አንቺ ቁጠሪ፣ እኔ ልውጋ።"

ሳቅን። እኛ እንዲህ ነን፤ ሐኪም ቤት ሥሩልን ብለን እንጮሃለን፣ ወተት አፍሉ ሲሉን እንስቃለን።

ሳምንት ሳይሞላ ኑርዛት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበችን። አሥራ አንዱም ታማሚ ከአንድ ቤት የወጣ ጥሬ ስልባቦት በልቷል አለች። ከማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ባትማን ግን ቀና ብላ አላየቻትም።

ባትማ ተነሣች። "የኔ ላም ናት። ሁለቴ ጨንግፋለች። እያወቅሁ ነው ከምርመራ የደበቅኋት።"

"ባሌን በአንድ እጅሽ እየወጋሽ በሌላው ታጎርሺው ነበር?" አለች የቱርዳኩን ሚስት።



"ማን ነው የደበቀልሽ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ብቻዬን ነኝ።"

ከሁሉም በላይ ጮኾ "አታፍሪም?" ያላት ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ።

ላሟ ታረደች። ባትማ የሕክምና ሣጥኗን ልታስረክብ ስትል ኑርዛት እምቢ አለቻት። "ላሟን ማግኘት የኔ ሥራ ነበር። የታመሙትን ግን እኔ ላድናቸው አልችልም፣ መድኃኒቱን እርስዎ ይቀጥሉላቸው።"

ማክሰኞ ጠዋት ባትማ ቱርዳኩንን ልትወጋ በደጄ አለፈች።

"እንደምን አደርክ፣ ሻርሼን?"

መንገድ ላይ ሰው ነበር። አልመለስኩላትም።